ጩኸት የገዛው ልጅ

 

የሰው ልጅ አመል ሲያወጣ የማይሰበስበው ነገር የለም። አንዱ ቴምብር ይለቅማል። አንዱ የጃንሆይን ዘመን ሳንቲም በጨርቅ ጠቅልሎ ያኖራል። የቢራ ቆርኪ በካርቶን አጭቆ አልጋው ሥር የደበቀ ጎረምሳም አውቃለሁ፤ እናቱ መጥረጊያ ይዛ በተነሳች ቁጥር ልቡ ስንጥቅ ይላል። የዛሬው ባለታሪካችን ግን ከሁሉም ይብሳል። እሱ የሚሰበስበው ጩኸት ነው!

አትሳቁ። ያረጁ ሳይረኖችንና በፖሊስ ወይም በአምቡላንስ አናት ላይ እየተሽከረከሩ "ዞር በሉ!" የሚሉ መብራቶችን እየገዛ ይጠግናል። ስሙን አልነግራችሁም። ሰፈሩን ግን ልንገራችሁ፤ ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ሁለት እጥፋት ገባ ብሎ ነው። ዕድሜው 24፣ ሙያው የመኪና ኤሌክትሪክ። ጭንቀቱ ደግሞ ሦስት ነው፤ አንድ ሳይረን፣ አንዲት እናትና ሃያ ሺህ ብር።

"ምን ላድርግ? ምከረኝ" ብሎኛል። ከመምከሬ በፊት ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ከቆርቆሮ መሃል የተገኘ ጉሮሮ

ፈረስ መጋላን ለማታውቁት፣ ስሙ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ጀጎል መሃል ያለ አደባባይ ነው። የፈረሱ ገበያ ከቀረ ብዙ ዘመኑ። በፈረሱ ፋንታ ለአሥርተ ዓመታት እዚያ ተሰልፎ ሰው ሲጠብቅ የኖረው ፔጆ ነው። ፔጆ 404 ፈረንሳይ ውስጥ የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ነበር፤ መልኩን የነደፈለት የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ሐረር ግን "ምርቱ ቆመ" ሲባል የሰማች አትመስልም። ታክሲ አድርጋ ስታሽከረክረው ኖረች። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ እንኳ "የሐረር ታክሲ" ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ ድቅን የሚልበት ያው ሽማግሌው ፔጆ ነው።

ታዲያ ፋብሪካው የተወው መኪና በምን ይኖራል? በሰው እጅ ነዋ! የአንዱ ሞተሪኖ ለሌላው ይገጠማል፤ የአንዱ ፍሬቻ ለጎረቤቱ ይሆናል፤ ክላክሱ ሲታፈን ተፈትቶ፣ ተጠርጎ ይመለሳል። የኛም ልጅ የተማረው እዚህ ትምህርት ቤት ነው። ከክፍል መልስ ጋራዥ ይላላክ ነበር። መጀመሪያ ካቻቢቴ አቀባይ፣ ቀጥሎ ሽቦ ላጭ፣ በኋላ ራሱ ጠጋኝ ሆነ።

አንድ ቀን በሸዋ በር በኩል፣ አሮጌ ብረታ ብረት ከሚሸጥበት ሲያልፍ፣ ከተጨማደደ ቆርቆሮ መሃል ዝገት የበላው፣ አፉ ሰፊ፣ ወፍራም ነገር ያያል።

"ይሄ ምንድነው?"

"አቦ እኔ ምን አውቄ! ብረት ነው፣ ከፈለግክ ውሰደው።"

ጎንበስ ብሎ ሲያገላብጠው ሳይረን! አጠገቡ ደግሞ ሰማያዊ ቆብ ያደረገ ተሽከርካሪ መብራት ወድቋል። ሁለቱንም በ800 ብር ገዛ። "ዋርያ፣ ፖሊስ ልትሆን ነው እንዴ?" እያሉ ጓደኞቹ ሲያላግጡበት ፈረስ መጋላን አቋርጦ ቤቱ ገባ። ሱስ የጀመረው ያን ዕለት ነው። ዛሬ ሦስት ሳይረንና አምስት መብራት አለው። ጫት ላይ ከመቀመጥ ይሻላል ብላችሁ ነው? እኔ ይሻላል ባይ ነኝ።

አየር የሚከትፍ ከበሮ

ሳይረን ሲጮህ እንጂ እንዴት እንደሚጮህ አስበን አናውቅም። ልጁ ፈታትቶ ሲያሳየኝ ነገሩ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። የድሮው ሳይረን ውስጥ ቴፕ የለም፣ ስፒከር የለም። ያለው ሞተርና ሁለት ከበሮ ነው። አንዱ ከበሮ አይንቀሳቀስም፤ ሌላው ውስጡ ይሽከረከራል። ሁለቱም ዙሪያቸውን ቀዳዳ አላቸው። ቀዳዳ ከቀዳዳ ሲገጥም አየር ይተፋል፣ ሳይገጥም ይዘጋል። ክፍት ዝግ፣ ክፍት ዝግ! አሥር ቀዳዳ ያለው ከበሮ በሴኮንድ 60 ጊዜ ቢዞር አየሩን 600 ጊዜ ይከትፈዋል ማለት ነው። ያ የተከተፈ አየር ነው ጆሯችን ላይ ጩኸት የሚሆነው። ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲደክም ይወፍራል። ከታች ጀምሮ "ኡ...ኡ...ኡ" እያለ ወደ ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ስሙን ያወጣለት ካኛር ደ ላ ቱር የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1819። ውሃ ውስጥም ስለሚጮህለት በግሪኮች ተረት ውስጥ ባሉት የባሕር ሴቶች ስም ጠራው። ተረቱ እንደሚለው እነዚያ ሴቶች በጣፋጭ ዜማ መርከበኛውን እየሳቡ ያስገድሉት ነበር። እንግዲህ ሞት የሚጠራው ድምፅ ስም ዞሮ ዞሮ ለነፍስ አድን ድምፅ ተሰጠ። ዓለም እንዲህ ናት!

ሰማያዊው መብራትም የራሱ ታሪክ አለው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ለፖሊስና ለእሳት አደጋ መኪኖቻቸው ሰማያዊን የመረጡት ጦርነት በማሰብ ነው። ከተማው መብራት አጥፍቶ ሲደበቅ፣ ሰማያዊ ብርሃን ከአውሮፕላን ላይ በቀላሉ አይታይም በሚል። ሐረርም ከሰማይ የሚመጣ መከራ ታውቃለች፤ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብ አውርደውባታል።

ይህን ሆቢ ለመሞከር እጃችሁን የሚበላችሁ ካላችሁ ደግሞ ከልጁ የቀዳሁትን ጀባ ልበላችሁ።

አንደኛ፣ ባትሪ ከማገናኘታችሁ በፊት ቮልቱን እወቁ። በድሮ ዘመን 6 ቮልት የሚሠራ መኪና ብዙ ነበር፤ ትላልቆቹ ደግሞ 24 ይወስዳሉ። የ6ቱን በ12 ብታስነሱት ጥቂት ይጮህና በጢስ ይሰናበታችኋል።

ሁለተኛ፣ መጀመሪያ በእጃችሁ አዙሩት። ከከበደ ኩሽኔታው ደርቋል ወይም ሁለቱ ከበሮዎች መሃል ዝገት ገብቷል። በመሃላቸው ያለው ክፍተት ቀጭን ስለሆነ በመዶሻ እንዳትነኩት። በናፍታ አርሱት፣ በልስልስ ብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን አንሱለት፣ ኩሽኔታውን ግራሶ ቀቡት።

ሦስተኛ፣ ካርቦኑን እዩ። የሞተሩን ኤሌክትሪክ የምታስተላልፈው ትንሿ ጥቁር ቁራጭ ካለቀች፣ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖም አይነሳም። ልጁ እንደሚለው "ሞተ" ተብሎ ከሚጣለው ብዙው ካርቦን የጨረሰ ነው።

አራተኛ፣ በቀጭን ሽቦ አትቀልዱ፤ ፊውዝም አይረሳ። አሜሪካ ውስጥ በእሳት አደጋ መኪና ላይ የታወቀው የፌዴራል ሲግናል ኪውቱቢ ሳይረን በ12 ቮልት 100 አምፔር ያህል ይስባል። የመብራት ገመድ አምጥታችሁ ብታስሩለት ራሱ መብራት ይሆናል፤ በእሳት!

አምስተኛ፣ የመብራቱ ቆብ ፕላስቲክ ሆኖ በፀሐይ ከደበዘዘ በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ ፈትጉት። ውስጡ አምፖሉ ቆሞ መስታወቱ የሚዞር ዓይነት ከሆነ፣ ያችን መስታወት በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩ። ፋብሪካው የለጠፈውን የስም ሰሌዳም አትፋቁ፤ የዕቃው የልደት ወረቀት እሱ ነው።

የመጨረሻው ስለ ጆሮ ነው። ባለሙያዎች 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ ከ8 ሰዓት በላይ መዋል ለጆሮ አደጋ ነው ይላሉ፤ 100 ዴሲቤል ከሆነ 15 ደቂቃ ብቻ። ትልቅ ሳይረን በቅርብ ርቀት ከ120 ያልፋል። በጠባብ ግቢ "ልሞክረው" ያለ ሰው ለሙከራው የሚከፍለው በጆሮው ነው።

እማማ የቆጠሩት

አሁን ወደ ጭንቀቱ እንምጣ።

ልጁ የመጀመሪያውን ሳይረን ለሦስት ወር ሲፍቅና ሲቀባ ቆይቶ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘው። ጀጎልን የሚያውቅ ያውቃል፤ መንገዱ ጠባብ፣ ግንቡ ወፍራም ነው። ድምፁ የሚወጣበት አጥቶ ከግንብ ግንብ ሲላተም ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። ሕፃናቱ ጨፈሩ። ባልቴቶቹ "ምን መጣ? ማን ሞተ?" አሉ። ልጁ በደስታ ሰክሯል።

እናቱ ግን በር ላይ ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ልጁ ጸሎት መሰለው። ሳይረኑ ደክሞ፣ ድምፁ ወርዶ ጸጥ ሲል ምንም ሳይናገሩ ገቡ። ራት አልበሉም። በማግስቱ ነው የነገሩት።

በ1970 ዓ.ም. እሳቸው የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። ታሪክ የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፤ የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን በመስከረም ይዞ ሐረር ደጃፍ ደርሶ ነበር። ጅጅጋ የተለቀቀችው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። በዚያ መሃል ለወራት ሐረር መድፍ እየሰማች አደረች። የእናቱ ታላቅ ወንድም ዘምቶ ነበር። ቤታቸው ያኔ ከጀጎል ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር ነው።

"ቁስለኛ የጫነ መኪና እየጮኸ ሲያልፍ በር ላይ ቆሜ እቆጥር ነበር" አሉት። "ወንድሜ በዚህኛው ይሆን? በሚቀጥለው ይሆን? እያልኩ። ቆጠርኩ፣ ቆጠርኩ፤ በአንዱም አልመጣ። ትናንት ስታስጮኸው ሳላውቀው 'አንድ' ብዬ ጀመርኩ።"

ልጁ ምን ይበል? አጎት እንደነበረው ያውቃል። ፎቶው ግድግዳው ላይ አለ። ስለ ቆጠራው ግን ሰምቶ አያውቅም።

"ጣሉት አላልኩም" አሉት ቀጥለው። "የሠራኸው እጅህ ነው፣ ያምራል። ግን ልጄ፣ ይህ ነገር የሚጮኸው ሰው ሲኖርበት ነው። ባዶውን አታስጩኸው።"

ሃያ ሺህ ብር

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እኔ ጋ ባልመጣ። መኪና ለሰርግ የሚያከራይ አንድ ሰው ወሬውን ሰማና ከተፍ አለ። "ሳይረኑንና ሰማያዊ መብራቱን መኪናዬ ላይ ግጠምልኝ። ሙሽሮቼ እንደ ሚኒስትር በአጀብ ይለፉ! ሃያ ሺህ ብር በእጅህ!"

ሃያ ሺህ ብር! 800 ብር ለተገዛ ዝገት! ልጁ ደግሞ ሽማግሌ ለመላክ እያሰበ ነው። እጮኛው ነገሩን ስትሰማ ዓይኗን አፍጥጣ "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ብረቱን ነው ወይስ እኔን የምታገባው?" ብላዋለች። በሷም አልፈርድም። የቤት ኪራዩን፣ የጥሎሹን ወጪ የምታሰላው እሷ ናት። ኪሱ ለጎደለ ወጣት ስለ መርህ መስበክ ለጠገበ ሰው ቀላል ነው።

እናት "ባዶውን አታስጩኸው" ይላሉ። እጮኛ "ሽጠው" ትላለች። ሰውዬው በቀን ሁለቴ ይደውላል። እንግዲህ ምን ይሁን?

እኔ የምለው

ወንድሜ ሆይ፣ ለሰርግ አጀብ አትሽጠው። ምክንያቴን ልዘርዝርልህ።

የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ አሽከርካሪ ለአደጋ ጊዜ መኪና መንገድ እንዲለቅ ያዛል። መንገድ የሚለቀቀው ለቆርቆሮው ክብር አይደለም፤ ምጥ የያዛት ሴት፣ እሳት የገባበት ቤት፣ ደሙ የሚፈስ ሰው አለ ተብሎ ነው። ሰውዬው የሚገዛህ ብረቱን መሰለህ? የሚገዛው ይህን እምነት ነው። እሱ ደግሞ ያንተ አይደለምና ልትሸጠው አትችልም።

በትምህርት ቤት "ጅብ መጣ" እያለ ስለሚቀልደው እረኛ ያልተማረ የለም። በሐረር "ጅብ መጣ" ብሎ ማስፈራራት እንኳ አይቻልም፤ ጅቡ በየማታው ግንቡ ዳር ሥጋ እየጎረሰ ነው! ተረቱ ግን እዚህም ይሠራል። ዛሬ ለሙሽራ መንገድ የለቀቀ ባለ ባጃጅ ነገ "ሰርግ ነው" ብሎ ቢቆምስ? ከኋላው ያለው አምቡላንስ ከሆነስ? ውስጡ ያለችው እጮኛህ ብትሆንስ?

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የእናትህ ነገር አለ። ሰርግ በሚበዛበት ወር ያ ሳይረን በአስፋልቱ ባለፈ ቁጥር እሳቸው "አንድ፣ ሁለት" እያሉ እንዲቆጥሩ ትፈልጋለህ? በዚያ ብር የሚገዛው ጥሎሽ ለማን ያምራል?

"ታዲያ ልጣለው?" እንዳትለኝ። ማን ጣለው አለ! እንዲህ አድርግ።

ካርቦኖቹን ንቀልና በፖስታ አድርገህ ለእናትህ ስጣቸው። በሙዳያቸው ያስቀምጡት። ሳይረኑ ሙሉ ነው፤ በእጅ ይዞራል፣ ያብረቀርቃል፤ ጉሮሮው ግን በእሳቸው እጅ ነው። ያለ እሳቸው ፈቃድ አይጮህም። ሽማግሌ ልከህ የምታገባው አንተ፣ እናትን ማስፈቀድ አይከብድህም።

መብራቱን ቤት አስገባው። የሐረር ቤት ግድግዳ ዕቃ ይወዳል፤ ሰፌዱ፣ ሙዳዩ፣ ጎድጓዳው ሳህን ሁሉ የሚኖረው ተሰቅሎ ነው። ያን ሰማያዊ ቆብ አነስተኛ አምፖል አድርገህበት፣ ሳይሽከረከር፣ ከነደባው በላይ ካለው መደርደሪያ ብታኖረው የማታ መብራት ይሆናል። መኪና ላይ ግን በፍጹም!

ሙያህን ሽጥ። ሃያ ሺህ ብር የቀረበልህ ለዝገቱ መሰለህ? 800 ብር የነበረውን ሃያ ሺህ ያደረገው እጅህ ነው። የታፈነ ክላክስ፣ የሞተ ፍሬቻ፣ ካርቦን የጨረሰ ሞተሪኖ በከተማው ሞልቷል። የጠገንከውን ሳይረን የሥራህ ማሳያ አድርገው፤ "ይህን ያስነሳ የኔን ሞተሪኖ ያቅተዋል?" ይበል ደንበኛው። ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ ያለው የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ "መኪና ግርግር" የተባለው በስፌት መኪናው ድምፅ አይደል? ጥሩ ሥራ ስሙን ራሱ ያወጣል።

ያም ሆኖ መሸጥ ግድ ከሆነብህ ሽጠው፤ ካርቦኑን አውጥተህ፣ ሊያሳየው ለሚፈልግ እንጂ ሊያስጮኸው ለሚፈልግ አይሁን። ሃያ ሺህ ላያወጣ ይችላል። ያወጣው ያውጣ፤ እንቅልፍህን አብሮ አይወስድም።

አሮጌ ዕቃ መውደድህን ደግሞ ማንም እንዲያሳፍርህ አትፍቀድ። እዚያው ከተማህ ውስጥ አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍን አታውቅም? የድሮ መጻሕፍት፣ የተቀዱ ዜማዎች፣ ጌጣጌጥ፣ ሳንቲም ሲሰበስቡ፣ የተቀደደውን መጽሐፍ በእጃቸው ሲጠርዙ ኖሩ። ስብስባቸው ዛሬ በጥንቱ የራስ ተፈሪ ቤት ሙዚየም ሆኗል፤ ስማቸውን ይዞ። የእሳቸውም የተጀመረው በቤት ውስጥ ነው። አንተም የዕቃህን ታሪክ በደብተር ያዝ፤ ከየት እንደተገኘ፣ ምን እንደጎደለው፣ ምን እንደተካህለት። ታሪኩ ያልተጻፈ ሳይረን ነገ ተመልሶ በኪሎ የሚሸጥ ብረት ነው።

ለእጮኛህም አንድ ቃል አለኝ። እህቴ፣ ከሦስት ወር ዝገት ጋር ታግሶ ሕይወት የሚዘራ እጅ ቤት አያቃጥልም። ትንሽ ጊዜ ስጪው። ካልሆነ ግን የእማማን የቆጠራ ታሪክ ከራሳቸው አፍ ቁጭ ብለሽ ስሚ፤ ከዚያ በኋላ "ሽጠው" ካልሽ እኔ ምክሬን አነሳለሁ።

እናንተም አንባብያን፣ መኪና ላይ ሆናችሁ ወይም መንገድ ስታቋርጡ ያ ድምፅ ከኋላችሁ ከመጣ፣ "ማን ነው ደግሞ?" ብላችሁ አትቁሙ። ዞር በሉለት። ውስጡ ያለው ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው አለው።

የሳምንት ሰው ይበለን። ቸር ሰንብቱ!